ሞተሩ በርቶ ነበር

በአንድ መኪና ላይ ይህን ያህል ሰው ሲፈርድ አይቼ አላውቅም። እናቴ ፈረደችበት፣ ጎረቤት ፈረደበት፣ ኮፈን ከፍተው የማያውቁ ዘመዶች ሳይቀሩ ከሩቅ በስልክ ፈረዱበት። «እንዴት እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ መጥቶ ሽማግሌ ይደፋል?» ተባለ። መኪናው ራሱን የሚከላከልበት አፍ የለውም። አፍ ያለኝ እኔ ደግሞ ዝም ብያለሁ።

መኪናው የታላቅ እህቴ ነው። እትዬ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እየተናከሱ የሚያድጉ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ቤተሰብ የሚይዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግን እንደ ጭነት መኪና ያልገዘፈ፣ ነዳጅም የማይጨርስ ይሁን ስትል ከርማ በመጨረሻ ይህን ሃይብሪድ ገዛች። አዲስ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነድቶታል። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከባለቤቱ ይልቅ የወደድኩት እኔ ነበርኩ።

በውስጡ ሁለት ጉልበት አለ። አንዱ ቤንዚን የሚጠጣው ሞተር ነው፤ ሌላው ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ትልቅ ባትሪ የሚበላው ዲናሞ። ቀስ ብለህ ስትነሳ ዲናሞው ብቻውን ይጎትትሃል፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ዳገት ሲመጣ ወይም ስትቸኩል ሞተሩ ይነሳና ያግዘዋል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ዲናሞው ሥራውን ገልብጦ፣ በከንቱ ይቀር የነበረውን ጉልበት ለቃቅሞ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ የፍሬን ሸራው ዓመታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። መሐንዲሶቹ አብዝተው የተጨነቁት ግን አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ ነጂው እንዳይታወቀው ነው። ተሳክቶላቸዋል። እትዬ ሞተሩ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚጠፋ አታውቅም፣ ግድም የላትም።

አባታችን ጋራዥ አለው። ትክክለኛ ስሙን ሰው ረስቶታል፤ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚሉት። ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆምና «የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው» ይላል፤ ሲፈታም እንዳለው ይገኛል። ሲጠራጠር አንዲት ረጅም ካቻቢቴ አለችው። ጫፏን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ያደምጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እጀታዋን በጥርሱ መያዝ ጀመረ። እኛም አዲስ ጥበብ መስሎን አደነቅን። ሠራተኞቹ ሁሉ ካቻቢቴ እየነከሱ ሞተር ላይ መደፋት ጀመሩ፤ አንዱማ የፊት ጥርሱን ሸርፎ አረፈው። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና «ለመሆኑ ስትነክሰው ምን ነገረህ?» አለው። ሰውየው ሲመልስለት አባቴ ዓይኑን ከአፉ ላይ አልነቀለም ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

እትዬ መኪናውን ባመጣች ቀን አባቴ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆየ።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ ፍሪጅ?» አለ።

«ፍሪጅስ ያጉረመርማል» አለች እናቴ፣ ሁላችንም ሳቅን። ሞተሩ ያን ሰዓት እውነትም ጠፍቶ ስለነበር ማንም የጠረጠረ የለም።

አደጋው የደረሰ ጠዋት ብርድ ነበር። እትዬ ለሥራ ሌላ ከተማ ሰንብታ ስለመጣች መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሳይነዳ ከርሟል፤ ባትሪውም ወርዷል። ሃይብሪድ እንዲህ ሲሆን ገና ከማስነሳትህ ሞተሩ ይነሳል፤ ራሱን ማሞቅ አለበት፣ ባትሪውንም መሙላት አለበት። በዚያ ላይ ነዳጅ ሳትሰጠው ከፍ አድርጎ ያጓራል። እኔ የግቢውን በር ልከፍት ጫፍ ድረስ ሄጄ ነበር፣ እዚያ ሆኜ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አባቴ ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አንድ አሮጌ ጎማ ያገላብጣል። እትዬ መስኮቱን ዘግታ፣ ከኋላ የሚጣሉትን ልጆቿን እየተቆጣች፣ የኋላ ማርሽ አስገባች። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላለም።

የገፋው ቀስ ብሎ ነው፣ ጭረት እንኳ አልተወበትም። የወደቀው ግን በጎኑ ነበርና ዳሌው ተሰበረ።

ሆስፒታል ገብቶ መጀመሪያ የተናገረው ቃል «አልሰማሁትም» የሚል ነው። ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ። ሃይብሪድ ድምፅ የለውም፣ ሽማግሌው አልሰማም፣ በቃ። አዳዲሶቹ ቀስ ብለው ሲሄዱ እግረኛ እንዲሰማቸው ድምፅ እንዲያወጡ ተደርገዋል፤ ይሄ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው የሚል አዋቂም አልጠፋም። አባቴ አልዋሸም። ያለውን ነው የተናገረው፣ ጥፋቱን ወደ መኪናው ያዞርነው እኛ ነን። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር፤ «እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እኔ ነኝ ያመጣሁበት» እያለች ትደጋግም ነበር።

ሌሎቹ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ስንቀር ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ።

«አባዬ፣ ሞተሩ እኮ በርቶ ነበር» አልኩት።

አፌን አፌን ነው ያየው። ደገምኩለት። ገባውና ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

«ቀኙ ጆሮዬ ነው ቀድሞ የሄደው» አለ። «ግራው ትንሽ ታገለልኝ። አሁን በካቻቢቴዋ፣ በጥርሴ አጥንት በኩል የሚመጣልኝ ንዝረት ነው ያለኝ፤ እሱም እየራቀ ነው።»

«እማዬስ ታውቃለች?»

«እናትህ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኳት እየመሰላት ስትቆጣ ትኖራለች፣ ይሻለኛል። ጆሮ የሌለው ጋሽ ጆሮ ጋ ማን መኪናውን ይዞ ይመጣል? ዳሌዬ እስኪድን ዝም በልልኝ። ከዚያ ራሴ ብልሃት አበጅለታለሁ።»

አንድ ቀን ለምኖኝ የማያውቅ ሰው ሲለምነኝ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ደግሞም በዝምታዬ የሚጎዳው አንድ መኪና ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቤት ሲገባ በተሰበረው ጎኑ እንዳይተኛ ታዘዘ። በደህናው ጎኑ ሲተኛ ደግሞ፣ አልጋው ያለበት ቦታ እንዲያ ስለሆነ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ጀርባው ወደ በሩ ይሆናል። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ እሱም እንደ ምንም ይዞራል። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ትመጣ ነበር። ቆይታ ከእናቴ ጋር ኩሽና ተቀምጣ መመለስ አመጣች። ኋላ ጭራሽ ልጆቿን ብቻ ትልክ ጀመር። ከሳች፣ ልብሷ ሰፋት። መኪናውን በረንዳዋ ሥር አቁማ በታክሲ ትመላለሳለች።

አባቴም «ልጅቷ የት አለች?» ማለቱን ተወ። ሆድ ብሶታል። አንድ ቀን ጢሙን ስላጨው «ሰብራኝ ጠፋች» አለኝ፣ ለቀልድ ያህል። ቀልድ ሲያወራ ፊቱን ስለማውቅ፣ ያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ክራንች ይዞ ጋራዡ በር ላይ መቀመጥ ሲጀምር እትዬ መኪናውን ልትሸጠው ቆረጠች። ገዢ አግኝታ ኖሮ፣ «አንተ አይተህ አዘጋጅልኝ» ብላ አመጣችልኝ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን የባትሪ ማቀዝቀዣ ፋን ፈታሁ፤ የብስኩት ፍርፋሪና የልጆቿ የፀጉር ላስቲክ አፍኗታል። ጠርጌ ገጠምኳት። ሌላ ምንም አልነበረውም። እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት አስወጣሁት። እንደ ዋዛ ነው የወጣው። ሞተሩ ሲከብደው ዲናሞው ሥር ገብቶ ሲገፋው፣ ሙያዬ ነውና በመሪው በኩል ይታወቀኛል፣ ቁልቁለቱን ስንመለስ የባትሪው ምልክት እየሞላ መጣ።

«እስቲ ይሄ ምን አጥፍቶ ይሸጣል?» አልኳት።

«ባየሁት ቁጥር አባዬ ነው የሚታየኝ።»

«አባዬ እኮ አልተቀየመሽም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ሦስት ጊዜ ሄጄ ለመንኩት። ፊቱን ማየት አፍሬ፣ እማዬ ሳትኖር፣ በሩ ላይ ቆሜ ‹አባዬ፣ ይቅር በለኝ› አልኩት። ጀርባውን እንደሰጠኝ ጆሮ ዳባ ልበስ። በሦስተኛው እያለቀስኩ ነበር፣ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ቢረግመኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ዝም አለኝ እኮ።»

ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ዳር ይዞ ሲቆም ሞተሩም እንደ ልማዱ ራሱን አጠፋ፣ ሲቃዋ ብቻ ቀረ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከእኔ ከሰማችው ላባብላት የፈጠርኩት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ፤ ምስጢሩም የእኔ አልነበረም። በራሴ ተናደድኩ። መኪና ብቻ ነው የሚጎዳው ብዬ ስጽናና ስከርም፣ አባትና ልጅ በአንድ በር ወዲያና ወዲህ ሆነው ሲቀያየሙ ኖረዋል። መሪውን ወደ ጋራዡ አዞርኩ።

ገዢው ቀድሞን ደርሶ አባቴ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ወፍጮ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው፣ የድሮ ደንበኛችን። ቆመን ሳንጨርስ ተነሳና «ጋሽ ጆሮ፣ እርስዎ አድምጠው ‹ውሰደው› ካሉኝ ሌላ ሰው አልጠይቅም» አለ። ጥርሱን የሸረፈው ሠራተኛ ካቻቢቴዋን አምጥቶ ለአባቴ አቀበለው። አባቴ በክራንቹ ተደግፎ ሊነሳ ሲል ደረስኩና እፊቱ ቁጢጥ አልኩ፣ አፌ እንዲታየው።

«አባዬ፣ እትዬ ይቅርታ ጠይቃህ ነበር።»

«ማን?»

«እትዬ። ተኝተህ ሳለ፣ በሩ ላይ ቆማ። ሦስት ጊዜ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«ፊትህን ወደ ግድግዳ አድርገህ ስትተኛ።»

ቃሉ እስኪደርሰው ጠበቅኩ። ሲደርሰው ፊቱ ላይ ያየሁትን፣ ዳሌው በተሰበረ ቀን እንኳ አላየሁበትም።

«እና ምን አልኳት?» አለ።

«ምንም አላልካትም።»

ካቻቢቴዋን ለሠራተኛው መለሰለት። ከዚያ ወደ ባለ ወፍጮው ዞረ። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁን አይመጥንም፤ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የያዘው ሁሉ ቀና አለ።

«እኔ አላደምጥልህም። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ባለፈው ያንተን መኪና ያየሁልህም በእጄና በግምት ነው፣ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ይሄ መኪና ያን ቀን ሞተሩ እየጮኸ ነው የመጣው። ወንዱ ልጄ በሩ ጋ ሆኖ ሰምቶታል፣ ደህና ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማው ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። እሱም ጥፋት የለበትም፣ እሷም የለባትም።»

ባለ ወፍጮው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሠራተኛው ካቻቢቴዋን የት እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ቆመ። ያ ስም ያኔ፣ ሁላችንም እያየን፣ ከአባቴ ላይ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ጆሮ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ደንበኛውም ሳሳ፣ ሞተር ሲነሳም ሰው ዓይኑን ከእሱ ላይ ማንሳት ይቀናዋል።

እሱ ግን ማንንም ሳያይ በክራንቹ ወደ መኪናው ሄደ። እትዬ ወርዳ በሩን ይዛ ቆማለች። ሲጠጋት አንገቷን ደፋች። አባቴ ክራንቹን መኪናው ላይ አስደገፈና አገጯን ይዞ ቀና አደረጋት።

«ጀርባዬን አትለምኚው» አላት። «እሱም አይሰማም። አሁን እያየሁሽ ንገሪኝ።»

እትዬ አፏን ከፈተች። እንባ አንቋት ድምጿ አልወጣም፣ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። አጠገባቸው የቆምኩት እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም፣ ሠራተኞቹም አልሰሙም። አባቴ ግን እስከ መጨረሻው ሰማት።