የዘገየችው ምት

«ኧረ እዚያች ሶኬት ዘንድ እንዳትደርሱ!» ብሎ ሽቦ የሚሉት ሙዚቀኛ ከወንበሩ ብድግ ሲል ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሐዘን ቤት ተቀምጦ ሶኬት የሚጠብቅ ሰው አይተው የማያውቁ ጎረቤቶች «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነካው» እያሉ ተንሾካሾኩ።

ነክቶታልም። የሞተው ፊውዝ ነበር፤ የመድረክ ጓደኛው፣ በየአዳራሹ መብራት እያጠፋ ስሙን ያተረፈው። ፊውዝ በከበሮ ማሽን፣ ሽቦ በሲንተሳይዘር ኪቦርድ፣ ለዓመታት ሰው ሲያስጨፍሩ ኖረዋል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር መድረክ ላይ አይወጣም። አንድ ጊዜ የአዳራሽ ባለቤት «ላፕቶፓችሁስ?» ቢላቸው፣ ፊውዝ «ቤት ተኝቷል፤ እሱ ጭፈራ አይወድም» አለው። ሥራቸውንም አይቀዱም። «የፈለገ መጥቶ ይስማ!» ይሉ ነበር።

ይኸው ኩራት አሁን ጉድ ሊሠራው ነው። ፊውዝ የሠራው የመጨረሻ ሪትም ያለው ጥግ ላይ በተቀመጠው የከበሮ ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የውስጥ ባትሪው ስላለቀ ከሶኬት የተነቀለ ዕለት ሁሉንም ይረሳል። ባትሪውን መቀየር ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ።

ሽቦ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ ብሎ ሲመለስ የማሽኑ ቀይ መብራት ጠፍታለች። የሟች አክስት ማሽኑን ነቅለው ውሃ ማፍያ ሰክተዋል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ሻይ ላፈላ ነዋ! ያ ነገር እንደሆነ ሥራ ፈቶ ቆጣሪ ያስቆጥራል።»

ሽቦ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። በቀብሩ ዕለት እምቢ ያለው እንባ አሁን ገነፈለ። «አሁን ገና ሞተ» አለ።

የፊውዝ እናት የሆነውን ሲሰሙ አልተቆጡም። የሻይ ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ይመቱት ጀመር። ዱም፣ ታክ፣ ዱም ዱም፣ ታክ።

ሽቦ ቀና አለ። ራሱ ነው!

«ክረምቱን ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ይህንኑ እየመታ እንቅልፍ ሲነሳኝ አይደል የከረመው?» አሉ። «እኔ ስቆጣው ነበር። ለካ ሳላውቀው ተምሬዋለሁ።»

ማሽኑ ተመልሶ ተሰካ። ሽቦ ትሪውን እያዳመጠ ቁልፎቹን መታ፤ ማሽኑም ተቀብሎ ይደጋግመው ጀመር። የጎረቤቶች እግር ወንበር ሥር ይነቃነቃል፤ ሁሉም የሌላውን እንዳላየ ሆኗል።

«አይደለም» አሉ እናት። «መጨረሻዋን አፈጠንካት። እሷ ትዘገያለች።»

እውነታቸውን ነው። ያቺን አንዲት ምት ፊውዝ ለማሽኑ ሰጥቶ አያውቅም። አዳራሹ ሙሉ እጁን ሰቅሎ እስኪጠብቅ ያዘገይና በአውራ ጣቱ ይመታታል። ሽቦ ሁልጊዜ «ዛሬስ ረሳት!» ብሎ ይደነግጣል። ፊውዝ ግን አንድም ቀን ረስቷት አያውቅም፤ «ቶሎ ካገኟት ምን ያስጨፍራቸዋል?» ይል ነበር።

ሽቦ ምቷን ከማሽኑ አጠፋና ቁልፏን አሳያቸው። «እሷ የእርስዎ ናት፣ እማማ።»

አክስትየው ሶኬቱን በሁለት እጃቸው ከልለው «አሁን ማን እንደሚነቅላት አያለሁ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናትም እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሪትሙ ዞሮ ምቷ ቦታ ላይ ደረሰ። አውራ ጣታቸውን ከቁልፏ በላይ ያዙት።

«ቆይ» አሉ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ያለ ይመስል። «ቆይ እንጂ…»

ከዚያ መቷት።