በጠራራ ፀሐይ «እንደምን አመሹ»

የቢሮው መስኮቶች ላይ ጥቁር ላስቲክ ከተለጠፈ ወዲህ ጸሐፊዋ ቀና ስትል የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷን ፊት። እሱም ያዛጋል። ላስቲኩን ያስለጠፉት ኃላፊው ናቸው፤ ፀሐዩ ኮምፒውተሬን አላሳይ አለኝ ብለው። ራሳቸው መላጣ ስለሆነ ሠራተኛው ዞር ሲሉለት «አቶ መብራቱ» ይላቸዋል። ሰውን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ከቶ መብራቱ መባል እንግዲህ የእሳቸው ዕድል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ተሳሳቁበት። እየቆየ ግን ሳቁም ጠፋ። ገንዘብ ያዡ በረባ ባልረባው ይቆጣል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አንድ ቀን ከሻይ ስትመለስ የመውጫ ሰዓት መስሏት ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ደርሳ ነበር። ጸሐፊዋም ከወንበሯ የምትነሣው በስንት መከራ ነው። ምን ሆንሽ ሲሏት «እኔንጃ፣ ደክሞኛል» ትላለች። እውነትም ደክሟታል።

ቤት ውስጥ ዐይናቸው የጠፋ አባት አሏት፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ራዲዮኑን ወሬው ሰለቸኝ ብለው ካዘጉት ቆይቷል፤ ሰዓታቸው ልጃቸው ናት። በምሳ ሰዓት ደውላ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» ስትላቸው ተከድኖ የተቀመጠላቸውን ይበላሉ። ከቢሮ ልትወጣ ስትል ደውላ «እንደምን አመሹ?» ስትላቸው ደግሞ የማታውን የደም ግፊት ኪኒን ከግራ ኪሳቸው አውጥተው ይውጣሉ። እንዲህ እናድርግ ብለው አልተነጋገሩም፤ እንዲሁ ለመዱት።

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ አንድ የማያልቅ ሪፖርት ስትጽፍ ቆይታ ስልኩን አነሣች። ከግድግዳው ሰዓት ይልቅ ያየችው የጨለመውን የመስኮት መስታወት ነው።

«አባባ፣ እንደምን አመሹ?»

«መሸ እንዴ?» አሉ አባቷ።

«አዎ፣ እንዴት ነዎት?» አለች። ዐይኗም ልቧም ሪፖርቱ ላይ ነው።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። በይ ቶሎ ግቢ።»

ስልኩን ዘግታ ምሳዋን በላች። ምን እንዳለች ትዝም አላላትም።

የመውጫ ሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዷ ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች። የቀኑ ንግግሯ ጆሮዋ ላይ የመጣባት ያኔ ነው። መሸ እንዴ? አዎ። በባዶ ሆድ የተዋጠው ኪኒን ታያት።

ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ደጅ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ዐይኗን አጭበረበረቻት። ቤት ደርሳ በሩን ብትገፋው ከውስጥ ተቀርቅሯል። «አባባ! አባባ!» እያለች ደበደበች። ነፍሷ ልትወጣ ስትደርስ የነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማች።

«ነጋ እንዴ?» አሉ አባቷ በሩን ከፍተው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው። ፊታቸው ገርጥቷል። «የት አድረሽ ነው? ስጠብቅሽ ስጠብቅሽ ራሴን አዞረኝና ተኛሁ።»

ምሳቸው እንደተከደነ ነው። ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ አጠጣቻቸው። ገና አሁን እየመሸ መሆኑን፣ ቅድም የደወለችው በቀትር እንደነበር፣ የቢሮውን መስታወት ነገር ሁሉ ነገረቻቸው።

«እኔስ ግራ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ወንበሬ ላይ ሆኜ ፀሐይዋ ፊቴን ታቃጥለኛለች። አንቺ ደግሞ መሸ አልሽ። መቼም አንቺ አትዋሺኝም፤ ዛሬ ፀሐይዋን ምን ነካት ብዬ ገብቼ ተኛሁ።»

በማግሥቱ ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ ወጥታ ላስቲኩን በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። አቶ መብራቱ በር ላይ ቆመው «ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት።

«አባቴ ሰዓት ጠይቀውኝ ነው» አለች፣ ሳትዞር። መላጡንም አላቆመችም።