የስቅታ መሳቢያ

ዓለም እውቀቱን ሁሉ በካርድ ጽፎ በአንድ ቤት ለማኖር ከተስማማ ወዲህ፣ ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ብዙ አይጨነቅም። ቴሌግራም ቤት ገብቶ ይጠይቃል። ጥያቄው በሽቦ ተጉዞ ከቤተ መጻሕፍቱ ታችኛው ፎቅ ይደርሳል። የቴሌግራም ተቀባይዋ ጽፋ በናስ ቀፎ ውስጥ ትከተዋለች፤ ቀፎው በአየር ቱቦ ሽው ብሎ ወደ መሳቢያ ጠባቂዎቹ ይወጣል። እነሱ ካርዱን ፈልገው መልሱን ይልካሉ። ስለ ድልድይ የሚጠይቅ አለ፣ ስለ ንብ የሚጠይቅ አለ፣ ጎረቤቱን በሕግ ዝም የሚያሰኝበትን መንገድ የሚጠይቅማ ሞልቷል።

ስለ ስቅታ ግን የሚጠይቅ ጠፋ።

የስቅታ መሳቢያ ጠባቂ የተቀባይዋ አክስት ነበረች። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው ስቅታን ለማቆም የሞከረውን ሁሉ በካርድ ይዛለች፦ ትንፋሽ መያዝ፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ መጠጣት፣ መደንገጥ፣ ስሜን ማን አነሳው ብሎ ማሰብ። የቤቱ ደንብ ግን ጥብቅ ነው። መሳቢያ የሚከፈተው ጥያቄ በቱቦ ሲመጣለት ብቻ ነው፤ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ መሳቢያ ደግሞ ከነጠባቂው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ምድር ቤቱ እርጥበት አለው። የአክስትየው ጉልበት ከእርጥበት ጋር አይስማማም። ዓመቱም ሊያልቅ ነው።

«እኔ እኮ ሰው ይታመም አላልኩም» አለች አክስትየው ምሳ ላይ። «ግን በዚህ ሁሉ ዓለም አንድ ሰው እንኳ ስቅ አይለውም?»

«ይለው ይሆናል፣ አክስቴ።»

«ምን አልሽ? አንቺ ደግሞ ስታጽናኚም በሹክሹክታ ነው።»

ተቀባይዋ ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ አንድ ሐሳብ መጣላት። ግድግዳው ላይ ከተዘረዘሩት ጣቢያዎች ሁሉ ሩቁ፣ ደሴት ላይ ያለ የመርከብ መብራት ማማ ነው። ማን ሄዶ ያጣራል? በማማው ጠባቂ ስም ጥያቄ ጻፈች፣ ቀፎው ውስጥ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው።

ከላይ «መጣልኝ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አክስትየው መሳቢያዋን ከፍታ፣ ለአንድ ሰው የማያስፈልገውን ያህል ረጅም መልስ ላከች።

ተቀባይዋ ያላሰበችበት ነገር፣ መልሱ በእርግጥ ወደ ደሴቱ እንደሚላክ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው ጠርቷት ወደ አክስቷ ጠረጴዛ ይዟት ወጣ። ካርድ እንዳያቆሽሽ ብስኩት እንኳ የሚበላው በነጭ ጓንት ስለሆነ ሠራተኛው «ጓንቴ» ይለዋል። በአንድ እጁ ብስኩት፣ በሌላው የትናንቱን ጥያቄ ይዟል።

«ቴሌግራም በቃላት ቁጥር ይከፈልበታል» አለ። «ስሙማ፦ ‹ይቅርታ፣ ሥራ ካላስፈታሁ፣ ስቅታ ይዞኝ ነበር፤ ካላስቸገርኩ መላ ብትነግሩኝ፤ አሁንም ይቅርታ።› ይህን ያህል ይቅርታ በገንዘቡ የሚገዛ መብራት ጠባቂ አላውቅም። በር ገፍታ ስታልፍ በሩን ይቅርታ የምትል ልጅ ግን አውቃለሁ።»

«ይቅርታ» አለች ተቀባይዋ።

«ይኸው!»

አክስትየው የእህቷን ልጅ አየቻት። ልትቆጣት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ከንፈሯ ላይ ግን ሳቅ ነገር ነበር።

«ስቅ ያላለው ሰው ጥያቄ፣ ጥያቄ አይደለም» አለ ጓንቴ። «መሳቢያው እንዳልተከፈተ ይቆጠራል። ዛሬውኑ ይውረድ።»

ይህን ሲል የናስ ቀፎ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ከደሴቱ ነው። ጓንቴ ብስኩቱን በሙሉ አፉ ውስጥ አድርጎ ወረቀቱን ነጠቀና አነበበ፦

«መልሳችሁ ደረሰኝ። ስቅ ብሎኝ አያውቅም። መድኃኒቱን ሳነብ ግን ሕመሙ አማረኝ። እንዴት ይጀመራል?»

ጓንቴ ሳቀ። በሥራ ሰዓት ሲስቅ ታይቶ ስለማይታወቅ አሳሳቁንም አላወቀበትም። ደረቁ ብስኩት መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«ህቅ!»

የአዳራሹ ጠባቂዎች ሁሉ ቀና አሉ።

«እንግዲህ መሳቢያውን... ህቅ!... ለማውረድ... ህቅ!»

«ውይ፣ አያርገው» አለች አክስትየው።

«ምን ላድርግ? ይንገሩኝ እንጂ!»

«ያለ ጥያቄ መሳቢያ አልከፍትም፣ ጌታዬ። ደንብ ነው።»

«በአፍዎ ይንገሩኝ!... ህቅ!»

«ዕድሜዬን ሙሉ በካርድ መልሼ፣ ለአለቃዬ በአፌ ብሳሳትስ?»

ጓንቴ ዙሪያውን አየ። ጠባቂዎቹ ሁሉ መሳቢያቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ የብዙዎቹ ትከሻ ግን ይንቀጠቀጣል። ደረጃውን ሲወርድ ህቅታው እስከ ታች ድረስ ተሰማ። ተቀባይዋ ቀድማው ሮጣ ቦታዋ ተቀምጣ ነበር።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዎን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ትንሽ ቆይቶ ቀፎው ወደ ላይ ሽው አለ። አክስትየው አወጣችው፣ አነበበችው፣ ወንበሯን ወደ ፀሐዩ ጠጋ አደረገች። ጥያቄው የሚጀምረው «ይቅርታ» ብሎ ነው።

የጓንቴን ጥያቄ ከጎን አስቀመጠችው። የደሴቱ ሰው ቀድሞ ስለጠየቀ ተራው የእሱ ነው። አዲስ ካርድ አውጥታ፣ በማይቸኩል ቆንጆ ጽሕፈት እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ለማስጀመር፦ ደረቅ ብስኩት አፍ ሙሉ ጎርሶ መሳቅ። ተሞክሯል።»