ሻሼ የላሰችው ጨው

ደጉን ቦንጋ ውስጥ የማያውቀው የለም። የማያውቀው ካለ ባጃጁ ጭቃ ያልረጨችው ሰው ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ በቦንጋ ክረምት ከየት ይመጣል? ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ "እትዬ፣ ፍሬኑ እምቢ ብሏል፣ የሚያውቁት ጸሎት ካለ ሰዓቱ አሁን ነው" እያለ ሴቶችን ሲያስጮህ የሚውል ጉድ ነበር። ሚስቱ ሰብሌ ባለፈው ጥቅምት ከሞተች ወዲህ ግን ያሳፍራል፣ ያወርዳል፣ አለቀ። ዝም ያለ ደጉን ሰው አልለመደውም። "ዛሬስ ፍሬኑ ደህና ነው?" ብለው ራሳቸው የሚጠይቁት ተሳፋሪዎችም ነበሩ። "ደህና ነው" ይላል። በቃ።

ሰብሌን ጉበት ነው የጨረሳት፣ በሦስት ሳምንት። ልጅ አልነበራቸውም። ትታለት የሄደችው ሻሼ የምትባል አንዲት ላምና አንድ የማር ጠርሙስ ጨው ነው።

ጨዉ የሱቅ ጨው አይደለም። ሰብሌ ቅዳሜ ገበያ ትወርድና ባለካሮቶቹ ቆርጠው የሚጥሉትን ቅጠል፣ የቀይ ሥሩንም ቅጠል፣ የባሮ ሽንኩርቱንም አረንጓዴ ጫፍ ለቃቅማ ትመጣለች። ሻጮቹ "አንቺ፣ በግ ገዛሽ እንዴ?" ይሏታል። "በግማ የለኝም፣ ባል ነው ያለኝ፤ እሱም የሰጡትን ይበላል" ትላቸዋለች። ቤት ስትገባ ቅጠሉን አጥባ፣ ውሃውን አራግፋ፣ ሰፌድ ላይ በትና ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ታወጣዋለች። ቦንጋ ላይ ፀሐይ የሚጠብቅ ሲጠብቅ ይሸብታል። ቅጠሉ ሲጨብጡት ኮሽ ማለት ሲጀምር ከበሶብላና ከኮሰረት ጋር ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ትነፋዋለች፣ ጨዉን ድስት ላይ አመስ አድርጋ ትለውሰዋለች። እስከዚህ ድረስ ደጉም ያውቃል። መጨረሻ ላይ ግን ጀርባዋን ሰጥታው የሆነ ነገር ቆንጠር አድርጋ ትጨምር ነበር።

"ምንድነው እሱ?" ይላታል።

"ብነግርህማ ነገ ሌላ አግብተህ ታስተምራታለህ።"

"ሌላዋን በጨው ማን ይሸውዳታል? በስኳር ነው እንጂ።"

"ሂድ ወዲያ! ስኳር የሚገዛ ፊት የለህም።"

ይስቃሉ። ከመደቡ ተነስቶ አንገቱን ሰገግ ቢያደርግ ያየው ነበር። አልተነሳም። ስልኩ ላይ ተደፍቶ የማያውቃቸው ሰዎች ሲጨፍሩ ያያል። ይኼ ነገር አሁን ባጃጅ እየነዳ ትዝ ሲለው መሪውን በቡጢ ይመታዋል፤ ጥሩንባው ጮኾ መንገደኛ ያስደነግጣል።

ከሞተች በኋላ ጨዉን ራሱ ሊሠራ ሞክሯል። መጀመሪያ ጊዜ ቅጠሉን ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስጥቶ ረስቶት ነዳ፤ ከአጠና ተራ እስከ መናኸሪያ ካሮት ቅጠል ሲዘንብ ዋለ። ሁለተኛው ሻገተ። ሦስተኛው መልኩ ቁርጥ የሰብሌን መሰለና ደስ ብሎት ሮጦ አሚናት ሱቅ ወሰደው። እትዬ አሚናት ለሰብሌ እንደ ታላቅ እህት ነበረች። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና አይኗን ጨፈነች።

"እ?" አላት።

"ደጉ፣ የኔ ወንድም፣ ብዋሽህ አላህ አይወድልኝም። ይኼ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው።"

ከዚያ ወዲያ መሞከሩን ተወና ያለችውን መቆጠብ ያዘ። ጠርሙሷ ውስጥ የቀረው ሦስት ጣት ያህል ነው። ጓዳ ውስጥ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ ደበቃት። በሳምንት አንዴ፣ በር ዘግቶ፣ አንድ ቅቅል ድንች ልጦ ቆንጠር ያደርግበታል። ጨዉ መጀመሪያ ምላስ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ እዚያ ሲደርስ ሰብሌ ምድጃው አጠገብ ቆማ "ስልኩን አስቀምጥና ብላ" ስትለው ይሰማዋል። ለዚህ ነው የቆጠባት። ስታልቅ ይኼም ያልቃል።

ሐምሌ ላይ አማቱ እማማ ዙፋን ከደካ መጡ። ብቻውን እንዴት እንደሆነ ልየው ብለው ነው። ያገኙት ቤት ደግሞ ቤት አይባልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጉ፣ አጠቡ፣ ላሟን አለቡ፣ ከደጉ ካልሲ ጋር ጦርነት ገጠሙ። ሲመሽ ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና "ልጄ እዚህ ነበር የምትቀመጠው?" ይሉታል። "እዚህ" ይላል። ሌላ አያወሩም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጉ ባጃጁን እያስነሳ ሳለ እማማ ዙፋን ከበረቱ ሆነው ተጣሩ።

"ደጉ! የላሟ ወተት ቀንሷል። ጨው ሰጥተሃታል?"

"ረስቼው ነው እማማ! ጓዳ ያለውን ይስጧት!"

እሱ ያለው ከሚስማሩ ላይ በፌስታል የተንጠለጠለውን የከብት ጨው ነው። እሳቸው ቀና ብለው አላዩም። በዚያው ለቁርስ በቆሎ ሊያወጡ ጆንያውን ሳብ ሲያደርጉት ከጀርባው ጠርሙሷ ብቅ አለች። ከፍተው አዩ። ሲከፈት ሲዘጋ እርጥበት ገብቶበት፣ ጨዉ እንደ ጭቃ ጓጉሎ፣ አረንጓዴው ጠቁሯል። በካፋ ክረምት ጨው ሲጓጉል ለከብት ነው፤ ይኼን ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት አይገባም። በማንኪያ እጀታ ፍቀው በረቱ ውስጥ ያለው የተቦረቦረ ግንድ ላይ ለሻሼ አደረጉላት። ጠርሙሷንም በአመድ ፈትገው፣ አጥበው፣ አጥሩ ላይ ደፏት።

ደጉ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሷኑ ነው። ዝናቡ ቆም ብሏል፤ ጠርሙሷ አጥሩ ጫፍ ላይ ተደፍታ ታብረቀርቃለች። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"እማማ! በዚህች ውስጥ የነበረው የት አለ?"

"ጨዉ? ለላሟ ሰጠኋት። አንተ አይደለህ 'ጓዳ ያለውን' ያልከኝ?"

በረት ገባ። ሻሼ የተቦረቦረውን ግንድ ትልሳለች፣ በደስታ፣ እንጨቱ እስኪነጣ። ደጉ ጉልበቱን ጭቃው ላይ ጥሎ በምላሷና በእንጨቱ መሀል ጣቱን ሰደደ። ጫፉን፣ ስንጥቁን፣ ሥሩን ዳበሰ። ያገኘው የላም ለሃጭ ብቻ ነው። እሱንም ቀመሰው። ምንም የለውም።

ያን ጊዜ ሻሼ ፊቱ ላይ ተነፈሰች።

በሶብላ ሸተተው። ኮሰረት ሸተተው። ያ ስሙን የማያውቀው ነገር ደግሞ ከኋላ ብቅ አለ። ዘጠኝ ወር በቁንጥር የሚፈልጋት ሰብሌ በላም አፍ ሙሉ መጣች። የላሟን አንገት በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አፍንጫዋ ላይ አስደግፎ፣ ልጅ እንኳ እንደዚያ አያለቅስም፣ አለቀሰ። ሻሼም ደግ ናት፣ ዝም አለችው። ጆሮውን ብቻ አንዴ ላሰችው።

እማማ ዙፋን በር ላይ ደርሰው ደነገጡ።

"ምን ሆነሃል ልጄ? ለጨው? ቆይ፣ አሁን ሄጄ ከሱቅ አመጣልሃለሁ!"

"የሱቅ አይደለም!" ብሎ ጮኸባቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ጮኾባቸው አያውቅም። "የሰብሌ ነው! ሰብሌ በእጇ የሠራችው ነው! የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፣ ለከብት ሰጡብኝ!"

እማማ ዙፋን የበረቱን መቃን ያዙ። 

"ልጄ ጨው ትሠራ ነበር?" አሉ።

"ትሠራ ነበር።"

"ከምን?"

"ከቅጠል።"

"እኔ አላውቅም። ከቤቴ የወጣች በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለትምህርት። ያኔ ውሃ ስታፈላ እንኳ ታሳርር ነበር።" ፈገግ ሊሉ ነበር፣ ግን አፋቸው እምቢ አለ። "እኔ እኮ ሁለት ሳምንት እዚህ ቤት ተኛሁ። ጨዉ ጓዳ ነበር?"

ደጉ አሁን ነገሩ ገባው። ባለፈው ሳምንት እማማ ዙፋን ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቆ፣ በር ዘግቶ፣ እንደ ሌባ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ድንቹን መብላቱ ትዝ አለው።

"ነበር" አለ።

"አንዴ ጣቴን ብታስነካኝ ኖሮ፣" አሉ እማማ ዙፋን፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ "አውቀው ነበር። እሳት ውስጥ ገብቼ አወጣው ነበር። የልጄን እጅ ለከብት የምሰጥ ይመስልሃል?"

ከዚያ ወደ ግንዱ ዞረው በካፊኖኖ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ደጉ አባቱ ከመሀል አገር ለንግድ የመጣ ነው፤ አምስት ዓመት የካፋ ልጅ አግብቶ የያዘው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው። ሌላውን ሰብሌ ናት የምትተረጉምለት። ዞር ብሎ ሊጠይቃት ሲል፣ የለችም።

ባጃጁ እንደተነሳ ነው። ዘሎ ገባና አሚናት ሱቅ በረረ። "እትዬ አሚናት፣ ሰብሌ በወረቀት ጠቅልላ የሰጠችሽ ጨው፣ ትንሽ፣ እንጥፍጣፊ እንኳ የለሽም?"

አሚናት ፊቱን አይታ ጠብ ያለ መሰላት። "ማን ነካህ?" አለች። ሲነግራት መደርደሪያዋን ተደግፋ ቆመች። "ውይ ደጉ። ረመዳን ላይ ሾርባ ውስጥ ጨረስኩት እኮ። የመጨረሻዋን ወረቀቷን ሁሉ አራግፌ። የሷ ነው ብዬ ዱዓ አድርጌላት ነው የበላሁት።"

"ጥሩ አደረግሽ" አላት። የምሩን ነው። ጨው ሆኖ የተበላው የአሚናት ብቻ ነው፤ የሱ በስስት ጓጎለ። ሰብሌ ለሰው አፍ ነበር የሠራችው። ይኼን እያሰበ በዝናብ ተመለሰ፣ አንድም ሰው አላሳፈረ።

ያን ቀን እሱም እማማ ዙፋንም እህል አልቀመሱም።

ጠዋት ደጉ ሲነሳ እማማ ዙፋን በረት ናቸው። ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጭንቅላታቸውን የሻሼ ጎን ላይ ጥለው ያልባሉ። ወተቱ በጣሳው ውስጥ ችርር ችርር ይላል። ደጉ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ሲጨርሱ ተነሱ፣ አረፋውን እፍ አሉት፣ ሳያፈሉት ጣሳውን ዘረጉለት።

"ቅመስ" አሉት።

"ምን?"

"ቅመስ ነው የምልህ። የበላችው ወዴት ይሄዳል? ላም አይደለች? ወይ ሥጋዋ ውስጥ ነው ወይ ወተቷ ውስጥ።"

ሌላ ሰው እንዲህ ቢለው ደጉ ሦስት ቀን ይስቅበት ነበር። ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። እማማ ዙፋን ከንፈሩን ነው የሚያዩት። ትንሽ ጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ወደ አፍንጫው እንዲወጣ ጠበቀው። ሞቃት ነው። ጣፋጭ ነው። ወተት ነው።

"እ?" አሉ።

ደጉ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲዋሽ ነው የኖረው፤ እንዲህ የከበደው ግን የለም።

"አለ" አለ። "ከኋላ ነው የሚመጣው። ትንሽ በሶብላ በሶብላ ይላል።"

እማማ ዙፋን ጣሳውን ተቀበሉት። ጎነጩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉንጫቸውን ሞልተው፣ ብዙ ቆዩ። ሻሼ እንኳ ዞራ አየቻቸው። ከዚያ ዋጡት፤ እንባቸው በአገጫቸው ወርዶ ጣሳው ላይ ጠብ አለ።

"ውሸታም" አሉት።

ጣሳውን ግን አልመለሱለትም። እስኪያልቅ ድረስ፣ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ጉንጭ አፋቸው ውስጥ እያቆዩ ጠጡት።