የተደባለቀው ክኒን

ሥራዬ ክኒን መቁጠር ነው። ሲስተር ይሉኛል እንጂ መርፌ ከያዝኩ ዓመት አልፎኛል። አዲስ የመገጣጠሚያ መድኃኒት በሚፈተንበት ክፍል፣ በሽተኞች በየወሩ ብልቃጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ የተረፈውን ቆጥሬ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ከብልቃጦቹ ግማሹ እውነተኛ መድኃኒት የያዘ ነው፤ በቀረው ውስጥ ያለው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ነው። መልካቸው አንድ፣ ጣዕማቸው አንድ። ለማን የትኛው እንደደረሰው እኔም አላውቅ፣ ዶክተሩም አያውቅ። ማንም ማንንም መሸንገል አይችልም ብዬ እኮራበት ነበር።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናቴ ስትሞት በመርፌና በክር ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጣቶቿ ተቆልምመው መቀስ አልጨብጥ ካሏት ሦስት ዓመት ሆኗል፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሙከራው ውስጥ ግቢ ብዬ የመከርኳት እኔው ነኝ። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቷም አብራት ተመዘገበች።

እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ብርጭቆ ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ስከፍት፣ ሁለት ባዶ ብልቃጥና ክኒን የሞላበት አንድ ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ አየሁ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የኔና የጎረቤቴ ነዋ።"

"ደባለቃችሁት?!"

"ታዲያስ! ለአንዷ መድኃኒት፣ ለአንዷ ባዶ ይደርሳል አላላችሁም? እኔ ድኜ እሷ በግድግዳው ማዶ ስታቃስት ልስማ? ለአንዷ ወተት ለአንዷ ውኃ ከሚደርስ፣ ቀላቅለን ቀጠን ያለ ወተት ብንጠጣ ምናለበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም? ቀጠሮ ሲደርስ የተረፈውን እኩል ቆጥረን እንመልሳለን። አንቺ እንደሆንሽ ቁጥሩ ከሞላ ደስ ይልሻል።"

ደሜ ፈላ። የስንት ወር ቆጠራዬ ገደል ገባ።

"እኔ ግን ተሽሎኛል እኮ!" አለችና መቀሱን አንስታ አሳየችኝ።

"በየቱ ነው የተሻለሽ? በወተቱ ወይስ በውኃው?"

መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ፊት ቆሜ፣ "አልቆጣም፤ ክኒኑን ከሰው ጋር የደባለቀ አለ?" ስል ጠየቅኩ። መጀመሪያ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጣ አናጢ እጁን አነሳ፤ ሚስቱ ተከተለችው። የአክስቴ ምክር በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአፍ አፍ ሲዞር ከርሞ ኖሯል። በዚያ ጠዋት ከተቀመጡት ስልሳ ሰዎች አሥራ ዘጠኝ እጅ ቆጠርኩ።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ሪፖርቱ የሚላከው ሐሙስ ነው።

"ሲስተር፣ ቁጥሩ ልክ ነው አይደል?" አለኝ። "'ሁሉም በታዘዙት መሠረት ወስደዋል' የሚለው ላይ ፈርሚና እንገላገል። ይሄ ከወጣ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።"

"ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገሩ ነው ልክ ያልሆነው።"

"መድኃኒቱ ጥሩ ነው እያልኩሽ!"

"ጥሩ ከሆነ እውነቱን ለምን ይፈራል?"

"ለአክስትሽ ብለሽ እንኳ ተይው። የደባለቀ ሁሉ ከሙከራው ይወጣል፤ እሷም ትወጣለች።"

እዚህ ላይ ወጋኝ። ያ ክኒን ይሠራ ከሆነ፣ መቀሱን ከእጇ የማስጥለው እኔ ነኝ። ቢሆንም አልፈርምም አልኩት። "እንግዲያው ያንቺ ቃል ብቻውን ወሬ ነው" አለኝ። "ደባልቄያለሁ ብሎ በእጁ ጽፎ የሚፈርም በሽተኛ አምጪ።" መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚያስነጥቅ ማን ይገኛል ብሎ ነው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጽፈሽ ፈርሚልኝ ስላት ሰምታ ሳትጨርስ፣ "አሳድጌሽ ከአፌ ላይ ልትነጥቂኝ!" ብላ በሩን ድርግም አደረገችብኝ።

"ዝጊው!" ብዬ ከውጭ ጮህኩ። "ነገ ይሄንን ክኒን የምትገዛ፣ እንዳንቺው ጣቷ የተቆለመመ ልብስ ሰፊ አለች። የማይሠራ ቢሆንስ? ለሷ ማን ይነግራታል?" ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጣ። ቅንጣት አላፈርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሩ ሌላ ሲስተር አስጠርቶ እስክሪብቶ ሲያቀብላት በሩ ተከፈተ። አክስቴ ናት፤ ጠርሙሱን በብብቷ ይዛ፣ ልብስ አጣቢዋን አስከትላ። ጠርሙሱን ሪፖርቱ ላይ አስቀመጠችና "ወረቀት!" አለች።

ልረዳት ስጠጋ "እጄን እንዳትነኪኝ" አለችኝ። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ሦስት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ፊደሎቹ እንደ ጣቶቿ ተጣመዋል፤ ግን ሁሉም ይነበባሉ። ጎረቤቷም ከሥር ፈረመች። አለቀስኩ፤ መሐረብ እንኳ አልፈለግኩም።

ዶክተሩ ወረቀቱን አላነሳውም። "እማማ፣ አስበውበታል?" አላት። "ይሄንን ከሰጡኝ ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት የለዎትም።"

አክስቴ የታመሙ ጣቶቿን እያሻሸች ቀና ብላ አየችው።

"ነበረኝ እንዴ፣ ልጄ? እሱን ንገረኝና ላልቅስለት።"