ባዶ ካርቶን

ገማች ኮሚቴ ይመጣል የተባለ ቀን መርሳ ከተማ ላይ ሀብታም አይገኝም። ነጋዴው ሁሉ መደርደሪያውን ያራግፋል፣ ያረጀ ልብስ ይለብሳል፣ ድንገት ወገቡን ያመዋል። የቀን ገቢው ዝቅ ተደርጎ እንዲገመትለት ነዋ፤ ግብሩ የሚሰላው በዚያ ግምት ነው። የኖረ ልማድ ስለሆነ ማንም አያፍርበትም።

አሲያ ግን የዚያን ቀን ማለዳ ሱቋን እስከ ጣሪያ ሞላችው። ጎረቤቶቿ ይቺ ሴትዮ ለየላት ተባባሉ።

አላበደችም፤ ቆርጣ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሱቋ ገበያው የደራው በኤሌክትሪክ ሲጋራ ነበር፤ ለፍራፍሬ ሽታው ወጣቱ ይጋፋ ነበር። ለክረምት እረፍት ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በመጣችው ልጇ በናጅዋ ቦርሳ ውስጥ ያንኑ ዕቃ እስካገኘች ድረስ። ከየት አመጣሽው ብላ ለመጠየቅ እንኳ አፍ አልነበራትም፤ ከራሷ መደርደሪያ የተወሰደ ነው። ወዲያው የሲጋራውን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ ቀደደች፣ ዕቃውንም ጠራርጋ አስወገደች።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው አስተዳደር የዚህ ሲጋራ ሽያጩም ማስታወቂያውም በጥብቅ ይከልከል አለ። ነጋዴዎቹ ግን አጉረመረሙ፤ ሽያጩ ከቀረ ግብሩ ይወርዳል፣ ግብሩ ከወረደ በዚያው ገንዘብ የተጀመረው የከተማው የውሃ መስመር ይቆማል አሉ። አስተዳደሩም አመነታ። የገማቾቹን ሰብሳቢ ጋሽ ፈንታውን፣ ገቢው ምን ያህል እንደሚወድቅ ሱቆቹን አይተው እንዲነግሩት ላካቸው። ብዙ ከወደቀ ክልከላው ሊላላ ነው። አሲያን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

ጋሽ ፈንታው ገብተው የተከመረውን ካርቶን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ያ ዕቃ ቀርቶ ገበያሽ አልቀዘቀዘም ወይ አሏት።

"አልቀዘቀዘም። የአምናው ግምት እንዳለ ይቆይልኝ።"

"ቅነሱልኝ እንጂ ይቆይልኝ የሚል ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም።"

"ይኸው ዛሬ ገጠመዎት።"

ሽማግሌው ጽፈው ወጡ። ጎረቤቷ ኡበይደላ ባዶ መደርደሪያውን እያሳየ ሲያላዝንባቸው፣ "አሲያ ያለ ሲጋራው ከቻለች አንተን ምን ያዘህ? ለአስተዳደሩም የምነግረው ይህንኑ ነው" ሲሉት በግድግዳው በኩል ተሰማ።

ሱቁ ውስጥ እናቷን ስታግዝ የነበረችው ናጅዋ አንዱን የሳሙና ካርቶን ልታወርድ ተንጠራራች። በአንድ እጇ ተነሣላት። የጎኑን ነካች፤ ያም ባዶ ነው። ከፊተኛው ረድፍ በስተቀር በሱቁ ውስጥ ዕቃ የለም።

"እማ፣ ግብሩን በምን ልትከፍይው ነው?"

"ሠርቼ፣ ኢንሻአላህ" አለች አሲያ። "አንቺን ከፍዬ ከማተርፍ፣ ግብሩን ከፍዬ ብከስር ይሻለኛል።"