የስድስት ቁጥር ደም

«አላህ ይስጥህ ልጄ። ከሰኞ ወዲህ ከእጄ የገዛኸው አንተ ብቻ ነህ» አለች መሊካ፣ በጋዜጣ የጠቀለለችውን በርበሬ እየዘረጋችለት።

ሙሉብርሃን ጥቅሉን ተቀበለ። በርበሬ አልፈለገም። ከጧት ጀምሮ የመርካቶውን በርበሬ በረንዳ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ሦስቱንም ጊዜ ከዚህች ሴት መደብ ፊት ቆሞ አፉን ሲከፍት ማስነጠሱ እየቀደመው፣ እሱንም ሰበብ አድርጎ አልፏል። በአራተኛው መሊካ ራሷ «ምን ልስጥህ?» ብትለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰናዳው ያደረው ንግግር ጠፋበትና «ሩብ ኪሎ» አለ። አሁን በአንድ እጁ በርበሬውን፣ በጆሮው ምርቃቱን ይዞ ቆሟል። ከሁለቱ የምርቃቱ ክብደት ባሰበት።

ከመሊካ ጀርባ፣ በጆንያዎቹ መካከል፣ አንዲት ወጣት ሴት ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስላሰረችው ከፊቷ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። የተቀመጠችው ፊቷን ለገበያው ሳይሆን ለግድግዳው ሰጥታ ነበር። ሀጅራ መሆኗን አወቀ። ከዚህ ቀደም አይቷት አያውቅም፤ የሚያውቀው ደሟን ነው።

ሙሉብርሃን የላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ወር ቀርቶታል። ለልምምድ የተመደበው አዲስ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ክሊኒክ ሲሆን፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ገና በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን ሰብስበው እንዲህ ብለዋቸው ነበር፦ «ስድስትና ዘጠኝ ሲገለበጡ አንድ ናቸው። ከሥራቸው መስመር ሳታሰምሩ ቱቦ እንዳትነኩ። እዚህ ቤት ሰው የሚሞተው በእርሳስ ነው።» ሁሉም ሳቁ። ሙሉብርሃን ግን ከሳቁ በኋላ በደብተሩ ጽፎት ነበር።

አማኑኤል ሠፈር ያሳደገችው አክስቱ የሺ፣ ነጭ ጋውኑን እሁድ እሁድ በከሰል ካውያ እየተኮሰች ለጎረቤት «ዶክተራችን» ትለዋለች። አንድም ቀን «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ አርሟት አያውቅም። ቃሉ ደስ ይለዋል። ደስ የሚለው ሌላም ነገር ነበር፤ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ መጨረስ። በዚያ ማክሰኞም አሥራ ዘጠኝ ቱቦ ደም ደርሶት፣ በፕላስተር ላይ ቁጥሮቹን እየቸከቸከ ለጠፈ። መስመር ለማስመር አልቆመም። የቂጥኝ ምርመራውን ሠርቶ፣ ውጤቱን በመዝገብ አስፍሮ፣ ሌሎቹ ግማሽ ሳይደርሱ እጁን ታጠበ። ጋሼ ወልደ ሚካኤል በአጠገቡ ሲያልፉ «ጎበዝ» አሉት። ያቺ አንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ስታሞቀው ዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘውገ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሰውነቱን ሽፍታ ወርሶት ተመልሶ መጣ። መዝገቡ ግን ደሙ ንጹሕ ነው ይላል። እንደገና ተቀዳና ተመረመረ፤ በሽታው በግልጽ ታየ። ሙሉብርሃን ሌሎቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠብቆ የዚያን ማክሰኞ ቱቦዎች ከማቀዝቀዣው አወጣ። የሹፌሩ ቁጥር ዘጠኝ ነበር። በገዛ እጁ የጻፈውን ፕላስተር አየው። ቱቦውን ገለበጠው። ዘጠኝ ስድስት ሆነ። ሌላውን ገለበጠ። ስድስት ዘጠኝ ሆነ። የሁለቱን ደም እንደገና መረመረ፤ ተለዋውጠው ነበር። መዝገቡ ላይ ከስድስት ቁጥር አንጻር የተጻፈው ስም ሀጅራ ነው፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡር፤ «ቂጥኝ አለባት»።

ለጋሼ ወልደ ሚካኤል ሲነግራቸው በመጀመሪያ ያደረጉት በሩን መዝጋት ነበር።

«ለማን ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ጻፉ። «ለሹፌሩ መድኃኒቱ ተጀምሮለታል። ሴትየዋን ለድጋሚ ምርመራ እንጠራታለን። ደሟ ንጹሕ ይሆናል፤ መርፌው አዳነሽ እንላታለን። ማንም አይጎዳም።» ደብዳቤውን እያጠፉ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንድ ወር ነው የቀረህ ልጄ።»

ሙሉብርሃን ደብዳቤውን ተቀበለ። ኋላ ነገሩን ባሰበው ቁጥር የሚያሸማቅቀው ስሕተቱ ብቻ አልነበረም፤ ያን ወረቀት ሲቀበል ትከሻው ላይ የተሰማው እፎይታ ነበር።

እፎይታውም እስከ ክሊኒኩ በር ብቻ አደረሰው። የሀጅራን ቤት ለማወቅ ዘበኛውን ወርቁን ሲጠይቀው፣ ሰውየው አድራሻውን ከነታሪኩ ነገረው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ባሏ ሙነወር ወረቀቱን ባነበበ በማግስቱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ልጅቷን ወስደው ለእናቷ አስረክበዋታል። «የፅንሱንም ነገር አላህ ነው የሚያውቀው» ብለዋል ሲያስረክቧት። መርካቶ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። በሽታው በበርበሬ የሚተላለፍ ይመስል፣ ደንበኞቿ ሁሉ ከመሊካ መደብ ሸሹ።

«ሌላ የፈለግኸው አለ እንዴ?» አለች መሊካ፣ አሁንም ቆሞ ብታየው።

«ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለ።

የሴትየዋ ፊት ተዘጋ። ሀጅራ እጇ ላይ ያለውን ዛላ እንደያዘች ዘወር አለች። ሙሉብርሃን ደብዳቤውን አወጣ፤ ተነሥታ የተቀበለችው እሷ ነበረች። የበርበሬ ጣቷ እንዳይነካው በጥፍሯ ጫፍ ይዛ፣ ቃል በቃል አነበበችው።

«አሁን ደሞ ምን ቀራት?» አለች መሊካ። «የቀዳችሁት አልበቃችሁም?»

«ቆይ እማ።» ሀጅራ ቀና ብላ አየችው። «ሁለቱንም መርፌ ተወግቻለሁ። ድኛለሁ ማለት ነው? እንዲያ ነው የሚሉኝ ስመጣ?»

ዓይኗ ውስጥ ያየው ነገር ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሆነበት። ተስፋ ነበር፤ ትንሽ፣ የሚለምን ተስፋ። «አዎ» ቢላት ይበቃ ነበር። ቃሉ በምላሱ ላይ ነበር፤ ጋሼ ወልደ ሚካኤል አስቀድመው ጽፈውለታል። ድናለች ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እስክትሞትም ድረስ የዳነች ሴት ሆና ትኖራለች።

«አልታመሙም ነበር» አለ።

ሀጅራ ደብዳቤውን ዝቅ አደረገች።

«ደምዎ ንጹሕ ነበር። ከሌላ ሰው ደም ጋር ያምታታሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን በትክክል አልጻፍኩም። ሐኪሙም፣ ማሽኑም አይደለም። እኔ ነኝ።»

መሊካ አልጮኸችም። የያዘችውን ሚዛን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ድገመው» አለች።

ደገመው።

«ሰአዳ!» ስትል ተጣራች፣ በሚቀጥለው መደብ ወዳለችው ሴት፤ ለሳምንት ሰላምታ ወደነፈገቻት። «ነይ ስሚ! ለኔ ያልከውን ለሷም በላት!»

ሙሉብርሃን ለሰአዳም ነገራት። በሰአዳ ዙሪያ ሌሎች ተሰበሰቡ፤ ለእነሱም ነገራቸው። በነገረ ቁጥር ቃሉ ይቀለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። ከሰዎቹ አንዱ «እንዲህ ያለውን ነው ሐኪም ብለው የሚያስተምሩልን!» አለ። አንገቱን ደፍቶ «ሐኪም አይደለሁም» አለ ሙሉብርሃን። በሕይወቱ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

ሰዉ ትንሽ ፈቀቅ ሲል፣ ሀጅራ ዝግ ባለ ድምፅ «በየት በኩል ገባብኝ እያልኩ ዕድሜዬን ሁሉ ስበረብር ከረምኩ፤ ታውቃለህ?» አለችው። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ምንም ባጣ ባሌ ነው ያመጣብኝ አልኩ። ሰግጄ፣ እዚያው መስገጃዬ ላይ ሆኜ ረገምኩት።» ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችለት። «ሂድና ለሱም ንገረው። ብቻህን ሂድ። እናቴ አብራህ ከሄደች ገዝተውት ነው ይላሉ።»

የሙነወር ሱቅ ሩቅ አልነበረም። ሙሉብርሃን ሲገባ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጺሙን በሥርዓት የተከረከመ ሰው አቡጀዲ እየለካ ነበር። ገዢው እስኪወጣ ጠብቆ፣ ማንነቱንና ያደረገውን ነገረው። ጥፊ ጠብቋል። ጥፊ ቢመጣ ደስ ይለው ነበር።

ሙነወር ግን አልተቆጣም፤ ደስም አላለውም። የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ።

«እርግጠኛ ነህ? ምንም የለባትም?»

«ምንም።»

«እንግዲያስ እኔም . . .» አለና ቃሉን ዋጠው። ወደ ደጅ አየ። ከዚያ የሙሉብርሃንን ክንድ ይዞ እስከ ጣራው ከተቆለሉት ጥቅሎች ጀርባ ወሰደው።

እዚያ፣ በአዲስ ጨርቅ ሽታ ውስጥ፣ ሙነወር ያልተጠየቀውን ተናገረ። ከማግባቱ በፊት ለንግድ ድሬዳዋ ሲመላለስ ያው በሽታ ይዞት ነበር። ታክሞ ድነሃል ተብሏል። የሚስቱን ወረቀት ሲያነብ ግን አልዳንኩም ነበር፣ ያስያዝኳት እኔ ነኝ ብሎ አመነ። ማንም በማያውቀው ቦታ ሄዶ እንደገና መርፌ ተወጋ።

«ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁዎትስ?» አለ ሙሉብርሃን።

«ምንም አላልኩም።» ሰውየው የመለኪያውን እንጨት በሁለት እጁ ያሻሸዋል። «እኔ ዝም ስል እነሱ ጨረሱት። ስትወጣ እኔን ታየኝ ነበር። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።» ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተቀየረ፤ ነጋዴ ሆነ። «ስማኝ ወንድሜ። ይሄን ለሷ አትንገራት። ስሕተቱ የክሊኒኩ ነው፤ በቃ። አሁኑኑ ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄጄ እመልሳታለሁ። ማንም አይጎዳም።»

ሙሉብርሃን ሊንቀው ሞከረ። በሰውየው ፊት ላይ ግን ያየው የራሱን ፊት ነበር፤ በተዘጋው በር ውስጥ ደብዳቤ ሲቀበል የነበረውን። የታማሚ ምስጢር ከምርመራው ክፍል አይወጣም ተብሎ ተምሯል፤ ይህ ሰው ግን የእሱ ታማሚ አልነበረም። ታዲያ ምኑ ነው? መልስ ስላላገኘ ዝም አለ። ሙነወርም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ሽማግሌ ፍለጋው ብዙ አልፈጀም። ከሦስቱ አንዱ ለዕቃ ወደ ናዝሬት ወርዷል ተባለ፤ ሐጂ ቡርሃንና ሌላው ሽማግሌ መጡ። ሙነወር ከሱቁ ምርጡን የሐር ጨርቅ ቆርጦ በክንዱ አጥፎ ያዘ። በመንገድ ላይ ሰዎች ሰላም ሲሉት በፈገግታ ይመልሳል። ሙሉብርሃን ከኋላ ይከተላቸው ነበር። ሰኞ ጧት ጋሼ ወልደ ሚካኤል ፊት የሚቆመውን መቆም አሰበ፤ የምረቃው ስም ዝርዝር ላይ የሚደረገውን ሠረዝ፣ የአክስቱን ካውያ አሰበ። ሁሉም ከፊቱ የሚሄደው ሰው ከደበቀው ያነሰ መሰለው። ሰማዩ ከሰሜን በኩል ጠቁሯል።

መሊካ መደብ ዙሪያ ያለው ሰው በዝቶ ጠበቃቸው። ሐጂ ቡርሃን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «መሳሳት የሰው ነው። እኛም በወረቀት ተሳስተን ልጃችንን አሳዝነናል። አፉ በሉን። ባሏም ይኸው መጥቷል።»

ሰአዳ ከጎን እልል አለች። የተቀበላት አልነበረም።

ሀጅራ ሻሿን ከአፏ ላይ አውርዳለች። ሙሉብርሃን ፊቷን ሲያይ ምን ያህል ልጅ እንደሆነች ገባው፤ ከእሱ በሁለት በሦስት ዓመት ታንሳለች። ሽማግሌዎቹን አላየችም። ባሏንም፣ ሐሩንም አላየችም። የምታየው እሱን ነው።

«አንተ ንገረኝ» አለችው። «ሲሰማ ምን አለ?»

የሙነወር ዓይን በጎኑ ሲያርፍበት ተሰማው። «ደስ አለው» ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር! ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ነው። ሐጂ ቡርሃን እጃቸውን ለዱዓ ከፍ ማድረግ ጀምረዋል። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ፤ ስለ ራሱ ይሁን ስለ ሰውየው ለይቶ አላወቀውም።

«እሱ ራሱ ይንገርዎት» አለ።

«ምኑን?» አሉ ሐጂ ቡርሃን፣ እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ።

ሀጅራ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ጥያቄ አልጠየቀችውም። በርበሬው ያለቀ ባዶ ጆንያ አጥፋ ተቀመጠችበትና እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጠፈች።

«እሰማለሁ» አለች።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት። በረንዳው ሁሉ ተነቃነቀ። ሴቶች ተጯጯሁ፣ ሸራ ተጎተተ፣ ጆንያ ወደ ውስጥ ተገፋ። መሊካ ግን ደጅ የተሰጣውን በርበሬዋን ለመሸፈን አልተነሣችም። ሙሉብርሃን መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ግን ቆሞ ቀረ።

ሙነወር ሽማግሌዎቹን አየ። ሴቶቹን አየ። ሐሩን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶበት ጥቂት አመነታና ዝናቡ የሚመታው መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሀጅራ» አለ።